ሞተሬን ሳያወርዱ ላዳኑልኝ የደብረ ብርሃን መካኒክ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በደብረ ብርሃን ከተማ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ሥራ ያሳለፉ አንድ መካኒክን በአደባባይ ለማመስገንና እንደ እኔ በአሮጌ ፒክአፕ የሚተዳደሩ ሰዎችን ወደ እርሳቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አክብሬያለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ነገሩን በዝርዝር የምጽፈው «ጎበዝ ናቸው» ማለት ብቻ ማንንም ስለማይጠቅም ነው፤ ምን እንዳደረጉ የሚያነብ ሰው ግን ለምን እንደማመሰግናቸው ይረዳኛል።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1988 የተሠራች፣ 22 አር የሚባለው ባለ 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ነዳጇን የምታገኘው ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራቶር ነው፤ ኮምፒውተር ስለሌላትም ጥፋቱን አንብቦ የሚናገር መሣሪያ ሊሰካባት አይችልም። ችግሯን የሚያውቀው ጆሮ፣ እጅና መለኪያ ያለው ሰው ብቻ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ፓፓያ እያመጣሁ ደብረ ብርሃን የማከፋፍለው በእርሷ ስለሆነ እርሷ ስትቆም የቤቴም ገቢ ይቆማል።

ሕመሙ የጀመረው የጣርማበርን ዳገት ስወጣ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ቦታ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያወጣው ይህ መንገድ ለማንኛውም ሞተር ፈተና ነው፤ የእኔዋ ግን ከዚያ ቀን በፊት በሁለተኛ ማርሽ ያለ ቅሬታ ትወጣው ነበር። በዚያ ቀን ከደብረ ሲና በላይ ጉልበቷ ድንገት ጎደለ፤ መሪው በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከኋላም ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ መጣ። ቤት ደርሼ ሚኒሞ ላይ (ቆማ ሞተሯ ብቻ እየሠራ) ስተዋት ሞተሩ እየቆራረጠ መላ አካሏን ያወዛውዛት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሳስነሳት ደህና መሰለችኝና ደስ አለኝ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ሠርታ ከሞቀች በኋላ ግን መቆራረጡ ተመለሰ። ጠዋት ደህና ሆና ስትሞቅ መታመሟ ለእኔ ምንም አልነገረኝም፤ ለእኚህ ሰው ግን ግማሹን መልስ የሰጣቸው ይኸው ነበር።

በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሌላ ጋራዥ ነው። እዚያ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ፣ ካርቡራቶሩ ተፈታና ታጠበ፤ ለውጥ ሲጠፋ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፣ ተለካ። የተገኘው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች መሆኑን አሳይተውኝ ሞተሩ መውረድ፣ ፒስተንና ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች) መቀየር እንዳለበት ነገሩኝ። የተጠየቅኩት ገንዘብ የብዙ ወራት ገቢዬ ነበር። ቁጥሩን በዓይኔ ስላየሁ አምኜ ብድር መፈለግ ጀመርኩ። ያታለለኝ ሰው አለ አልልም፤ መለኪያው ያሳየው እውነት ነበር፤ የተሳተው ትርጉሙ ነው። ብድር የጠየቅኩት የአጎቴ ልጅ «ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት ጋሼ ይዩልህ» ብሎ ወደ እኚህ መካኒክ ላከኝ። ለእርሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ጋሼ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ብዙ ጠየቁኝ። መቼ ነው የሚብሰው? ሚኒሞ ላይ ነው ወይስ ስትሮጥ? ውኃ ትቀንሳለች? ዘይትስ? ጭሷ ምን ዓይነት ነው? በቅርብ ጊዜ ማን ምን ነካባት? መልሴን ሁሉ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የመጣች አንዲት ወጣት በደብተር እንድትጽፍ አደረጉ። ከዚያ ሞተሩ እንዲሞቅ ካደረጉ በኋላ መጨበጫው ጎማ በለበሰ ፒንሳ የአራቱን ሲሊንደሮች (ቤንዚኑ የሚቃጠልባቸውን ክፍሎች) የካንዴላ ገመዶች ተራ በተራ ለአፍታ እየነቀሉ መለሱ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲነቀሉ ሞተሩ ሊጠፋ ይደርስ ነበር። ሦስተኛው ሲነቀል ግን ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም። «ይኸው፣ እንጀራ የማይጋግረው ይህ ነው» አሉኝ። ካርቡራቶሩ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ በአራቱም ላይ በታየ ነበር፤ በአንዱ ብቻ የሚታይ ጥፋት ግን የሚፈለገው የዚያ የአንዱ ብቻ ከሆኑ ነገሮች ውስጥ ነው፤ እነዚህም ካንዴላው፣ ገመዱ፣ ቫልቮቹ (አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት በሮች) እና ፋሻው ናቸው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት ሳምንት በፊት ሰምቼው ቢሆን ኖሮ የካርቡራቶር እጥበት ባልከፈልኩ ነበር።

ቀጥለው ምንም ሳያስገዙኝ የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አቀያየሩት። ጥፋቱ ከካንዴላው ጋር ወደ አንደኛው ሳይሄድ በሦስተኛው ቀረ፤ ስለዚህ ካንዴላው ነፃ ወጣ። ገመዶቹን ነቅለው በመልቲሜትር ሲለኩ የሦስተኛው ገመድ ከ60 ኪሎ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) በላይ አሳየ፤ የዚህ ሞተር ገመድ ደግሞ ከ25 ኪሎ ኦም ማለፍ የለበትም። ገመዱ ሲቀየር መንቀጥቀጡ በግልጽ ቀነሰና እኔ ያለቀ መስሎኝ ልከፍላቸው ኪሴ ገባሁ። እርሳቸው ግን «ቀዝቅዛ የምትድን፣ ሞቃ የምትታመም ናት ብለኸኝ ነበር፤ ገመዱ ይህን አይመልስልኝም» አሉና መኪናዋን ለግማሽ ሰዓት በከተማው ዙሪያ እንድነዳት ላኩኝ። ስመለስ መቆራረጡ በትንሹም ቢሆን እንደገና ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሸኘኝ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አራቱንም ካንዴላዎች አወጡ፣ ብልጭታ እንዳይኖር የኮይሉን ሽቦ ነቀሉ፣ እኔ የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለል ረግጬ ሞተሩን እንዳዞር አድርገው በትኩሱ ኮምፕሬሽን ለኩ። ልጅቷ የጻፈችው ይህን ነበር፦ አንደኛው 118፣ ሁለተኛው 115፣ ሦስተኛው 84፣ አራተኛው 116 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)። የሞተሩ መጽሐፍ ጤነኛው 171 ገደማ መሆን አለበት፣ ከ142 በታች የወረደ ይታደስ ይላል። በዚህ ልክ ከሄድን አራቱም ሞተዋል፤ የመጀመሪያው ጋራዥ ያለኝም ይህንኑ ነው። ጋሼ ግን ሳይቸኩሉ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። እኛ ያለነው ደብረ ብርሃን ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው የሚስበውን አየር ነው፤ እዚህ ደግሞ አየሩ ስስ ነው።»

በወረቀት ላይ አስልተው ሲያሳዩኝ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከ70 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 171 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ወደ 120 ይወርዳል፤ የመጽሐፉ የመጨረሻ ልክ የሆነው 142ም በእኛ አገር 100 አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ 118፣ 115 እና 116 ያሳዩት ሦስቱ ሲሊንደሮች ለዕድሜያቸው እጅግ ደህና ናቸው ማለት ነው። ከፍታው ሁሉንም እኩል ስለሚቀንስ መታየት ያለበት እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ነው፤ መጽሐፉ ከ14 የበለጠ ልዩነት አይፈቅድም፣ ሦስተኛው ግን ከጎረቤቶቹ ከ30 በላይ ዝቅ ብሏል። ሊወርድ የነበረው ሞተሬ ሦስት አራተኛው ጤነኛ እንደነበረ ስሰማ የተሰማኝን እፎይታ በቃል መግለጽ አልችልም። በደብረ ብርሃን፣ በደሴ፣ በአዲስ አበባም ቢሆን መኪና የምትነዱ ወገኖች፣ ኮምፕሬሽን አንሷል ተብላችሁ ሞተር አውርዱ ስትባሉ ቁጥሩ ከፍታውን ያገናዘበ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ለምን እንዳነሰ ለመለየት ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው እንደገና ለኩ። ጥፋቱ የፋሻ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ቁጥሩን ከፍ ያደርገው ነበር፤ 84 የነበረው 87 ብቻ ሆነ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ስላልወረዱ፣ ውኃም ስለማትቀንስ፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ተነፍሷል ለማለት ምክንያት አልነበረም። የቀረው ቫልቭ ነው። የቫልቩን ክዳን ከፍተው አንደኛውን ፒስተን ከላይ ጫፍ ላይ አቁመው ክፍተቶቹን በስስ የብረት መለኪያ ሲፈትሹ፣ የሦስተኛው ማስወጫ ቫልቭ መለኪያውን ጨርሶ አላስገባም። ሞተሩ ሲሞቅ 0.30 ሚሊ ሜትር ሊኖረው የሚገባው ክፍተት ዜሮ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱን ለልጅቷ ሲያስረዱ እኔም አብሬ ተማርኩ። ቫልቩ ዓመት በዓመት ወደ መቀመጫው እየሰጠመ ሲሄድ ከላይ ያለው ክፍተት ይጠብባል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የቀረችው ጥቂት ክፍተት ታድነዋለች፤ ሲሞቅ ግን ብረቱ ረዝሞ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፣ ጭመቁም ያመልጣል። መኪናዋ ጠዋት ደህና ሆና ከሩብ ሰዓት በኋላ የምትታመምበት ምስጢር ይህ ነበር። እንዲህ ሆኖ ረጅም ጊዜ ቢነዳ ቫልቩ በትኩስ ጋዝ ይቃጠልና ያን ጊዜ በእርግጥ ቴስታታው ይወርዳል።

ስምንቱንም ቫልቮች በሁለት ዙር አስተካከሉ፤ ማስገቢያዎቹን በ0.20፣ ማስወጫዎቹን በ0.30። አንዱን ለልጅቷ ሰጥተው እርሷ ካጠበቀች በኋላ መለኪያውን ራሳቸው እንደገና አስገብተው አረጋገጡ። ክዳኑ ከተገጠመና መኪናዋ እንደገና ከተነዳች በኋላ ሦስተኛው ሲሊንደር 112 አሳየ። ሚኒሞ ላይ ስትሆን ኮፈኑ ላይ ያስቀመጡት የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ሻይ እንኳ አይናወጥም ነበር።

ከዚያም የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው አሸተቱት። ሦስተኛው ሲሊንደር ሳያቃጥለው የቀረው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዶ ስላቀጠነው ዘይቱና ፊልትሮው እንዲቀየር አዘዙ። ከዘይት፣ ከፊልትሮና ከአንድ የካንዴላ ገመድ በቀር ያስገዙኝ ነገር የለም። ለአንድ ሙሉ ቀን ሥራ የጠየቁኝ የእጅ ዋጋም ሞተር ለማውረድ ከተጠየቅኩት ገንዘብ ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ልጨምርላቸው ስሞክር ተቆጡኝ።

ከሁሉ በላይ ያስከበራቸው ግን ስሸኝ የነገሩኝ ነው። «ድኗል አልልህም። ቫልቩ በጥቂቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ አምጣት፤ ክፍተቱ እንደገና ጠብቦ ካገኘሁት መቀመጫው እየተበላ ነውና ቴስታታውን እናወርዳለን፣ ያን ጊዜ አስቀድመህ ገንዘብ ታዘጋጃለህ» አሉኝ። የጣርማበርን ዳገት ጭነት ይዤ ደጋግሜ ወጥቼ 1,000 ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ወሰድኳት። ክፍተቱ እንደተውት 0.30 ነበር፣ ሦስተኛውም 113 አሳየ። ለዚህ ምርመራ ምንም አላስከፈሉኝም። ቀጣዩን ቀጠሮ በ5,000 ኪሎ ሜትር ሰጥተውኛል።

ለማን እንደምጠቁማቸው በትክክል ልናገር። ባለ ካርቡራቶር ቤንዚን መኪና ወይም የድሮ ናፍጣ ፒክአፕ ያለው ሰው ያለ ስጋት ይሂድ። በኮምፒውተር የሚሠሩ አዳዲስ ሞተሮችን እርሳቸው ራሳቸው አይቀበሉም፤ ምርመራ መሣሪያ ወዳላቸው ሌሎች ባለሙያዎች ይልካሉ፣ ይህም ያስመሰግናቸዋል። ቦታቸው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሁለት መኪና በላይ አይዙም፤ ቀጠሮ ሳይዙ መሄድ ያስጠብቃል። ስትሄዱ መኪናችሁ መቼና እንዴት እንደምታስቸግር አስባችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው እናንተን መጠየቅ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ አትሜ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ይዤልዎ እመጣለሁ፤ እንዳሉኝ ስምዎን አላወጣሁም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ስትጽፍ ለዋለችው ተለማማጅም ምስጋናዬ ይድረስ፤ የሰጠችኝን የደብተር ቅጠል በመኪናዋ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ የ5,000ውንም ልኬት እዚያው ላይ ትጽፍልኛለች።