ኢማቲኒብ ወይስ ኒሎቲኒብ?

ለሲኤምኤል የደም ካንሰር የሚታዘዙት እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ነጭ የደም ሴሎችን ያለልክ የሚያራባውን ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ፕሮቲን ያግዳሉ። ቡራዩም ሆነ ለገጣፎ፣ ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ገበታ ላይ ነው።

ኢማቲኒብ ብዙውን ጊዜ 400 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። በባዶ ሆድ ጨጓራን ያስቆጣል፤ ያቅለሸልሻል። የዓይን ዙሪያ እብጠትና የጡንቻ መኮማተር የተለመዱ ናቸው።

ኒሎቲኒብ ተቃራኒው ነው፤ ለአዲስ ታካሚ 300 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ፣ በባዶ ሆድ። ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊት፣ ከተዋጠም በኋላ 1 ሰዓት ምንም አይበላም። ንጋት 12 ሰዓት የዋጠ ሰው ቁርሱ ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። ችግሩ ማታ ነው፦ የ12 ሰዓቱን ለመዋጥ ከ10 ሰዓት ወዲህ የቡና ቁርስ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ እንኳ አይቀመስም። ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መድኃኒት ስለሚያበዛው የልብ ምት በአደገኛ ሁኔታ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየምና የማግኒዚየም መጠን ቀድመው ይታያሉ።

ኒሎቲኒብ በሽታውን ቶሎ ያወርዳል። የልብ፣ የደም ሥር ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ግን ኢማቲኒብ ይመረጣል። የኒሎቲኒብ አንድ ጊዜ ካመለጠ ቀጣዩን በሰዓቱ መዋጥ ነው፤ ደርቦ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም።