የውሻችሁ ሆድ አልረጋ ካለ፦ የታሸገ ምግብ፣ በኪሎ የሚሸጥ ወይስ የቤት ድስት?

ድሬዳዋ ውስጥ ውሻ የሚያሳድግ ወዳጅ ሁሉ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፦ «ተቅማጡ አልቆም አለ፣ የትኛውን ምግብ ልግዛለት?» መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ለጎልማሳ ውሻ የምመርጠው እቤት የሚቀቀል የግመል ቀይ ሥጋና ሩዝ ነው። ፋብሪካ ያሸገው የሆድ ሕክምና ምግብ ጥሩ ነው፣ ያን ያህል ብር የሚገባው ግን ለጥቂት ውሾች ነው። በፌስታል እየተመዘነ በኪሎ የሚሸጠውን ደረቅ ምግብ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ከሁሉ በፊት ሰገራው ይመርመር። ትልና ጃርዲያ በምግብ ለውጥ አይወጡም፤ ውሻው ውዱን ምግብ እየበላ ተቅማጡ ይቀጥላል፣ ባለቤቱም «ምግቡ አልሠራም» ብሎ ሌላ ይገዛል። ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር ስለማይወጣ ከ3 ቀን ሰገራ ትንሽ ትንሽ ወስዳችሁ፣ በንጹሕ ዕቃ ከድናችሁ፣ ሙቀት ሳያገኘው ለእንስሳት ሐኪም አድርሱ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በድሬዳዋና በሐረር መንገድ ላይ ስለሆነ ለሁለቱም ከተማ ሰው ሩቅ አይደለም። ከቄራ የመጣ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለሚበላ ውሻ ደግሞ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል። በበግና በፍየል ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እባጭ በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበት ላይ ያንኑ እባጭ ያበቅላል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አቅልሎ ማየት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋጋው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን ወደ 1,000 ካሎሪ ይፈልጋል። ይህ በደረቅ ምግብ 280 ግራም ያህል ነው። እኔ በጠየቅሁበት ሰሞን ባለ 2 ኪሎው የታሸገ የሆድ ምግብ ከአዲስ አበባ 6,500 ብር ነበር፤ የአውቶቡስ ጭነት 300 ሲጨመርበት ኪሎው 3,400 ይመጣል። በቀን 952 ብር ማለት ነው። ከረጢቱ ሳምንት ይዞ ያልቃል። በኪሎ የሚሸጠው 900 ብር ነበር፤ በቀን 252። የቤቱን ደግሞ እንቁጠረው፦ 340 ግራም ጥሬ የግመል ቀይ ሥጋ በኪሎ 700 ሒሳብ 238 ብር፣ 180 ግራም ደረቅ ሩዝ በኪሎ 140 ሒሳብ 25 ብር፣ ቁራጭ ዱባ 10 ብር፤ ድምሩ 273። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት፣ የግራሙ ልክ ግን አይለወጥም። ልብ በሉ፤ በፌስታል ከሚሸጠው ጋር ያለው ልዩነት 21 ብር ነው። ለ21 ብር ብሎ ምንጩ የማይታወቅ ምግብ ለታመመ ሆድ መስጠት እኔን አያሳምነኝም።

በኪሎ የሚሸጠው ላይ የምከርርበት ምክንያት የድሬ ሙቀት ነው። ደረቅ የውሻ ምግብ ላዩ ስብ የተረጨ ነው፤ አምራቾቹም ከ27 ዲግሪ በታች በሆነ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ ይላሉ። እዚህ ግን አብዛኛውን ወር ቀኑ ከ30 በላይ ነው። ከረጢቱ ተከፍቶ በማዳበሪያ ውስጥ በር ላይ ሲውል ስቡ ይበላሻል፤ አሮጌ ዘይት፣ አንዳንዴም ቀለም ቀለም ይሸታል። በቆሎ ያለበት ምግብ እርጥበት ሲያገኘው ሻጋታ ይይዛል፤ አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ደግሞ የውሻን ጉበት ይገድላል። በፌስታል የተቋጠረ ምግብ ላይ የማብቂያ ቀን የለም፣ የምርት ቁጥር የለም፣ ለውሻ ይሁን ለድመት እንኳ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ሻጩ «የሆድ ነው» ካለ የሆድ ነው።

ከዚህም የሚብሰው የታወቀ ስም ባለው ከረጢት ውስጥ ሌላ ምግብ ሞልቶ መሸጥ ነው። አንድ ወዳጄ «ኦሪጅናል» ተብሎ በሙሉ ዋጋ የገዛውን አምጥቶ አሳየኝ። የላይኛው አፍ የፋብሪካ ነው፤ የታችኛው ስፌት ግን በእጅ ክር ተሰፍቷል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ቀለምና መጠን ያለው ፍሬ ተደባልቋል። ውሻው ሌሊቱን ሲያስመልስ አደረ። ስለዚህ ስትገዙ ከረጢቱን ገልብጡት፤ ሁለቱንም ጫፍ እዩ፤ ቀኑና የምርት ቁጥሩ የታተሙ እንጂ የተለጠፉ ወይም የተፋቁ አይሁኑ። ሻጩ ይህን ስታደርጉ ከተቆጣ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እውነተኛው የታሸገ ምግብም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ስሞቹ ይመሳሰላሉ። አምራቹ ሮያል ካኒን «ጋስትሮኢንተስቲናል» የሚለውና «ጋስትሮኢንተስቲናል ሎው ፋት» የሚለው ሁለት የተለያዩ ምግቦች ናቸው፤ የመጀመሪያው ስቡ ብዙ ነው። ቆሽቱ ለተቆጣ ውሻ ስብ የበዛበትን መስጠት ሕመሙን ያባብሳል። «ዳይጀስቲቭ ኬር» የሚለው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መደበኛ ምግብ ስለሆነ በሕክምናው ምግብ ዋጋ ሊሸጥላችሁ አይገባም። ከሂልስ «አይ/ዲ»፣ ከፑሪና «ኢኤን» የሚሉት የዚሁ የሆድ ወገን ናቸው። ትልቁ ከረጢት በኪሎ ይረክሳል ብላችሁ ባለ 15 ኪሎውን አትግዙ፤ ለ20 ኪሎ ውሻ ከ50 ቀን በላይ ስለሚቆይ በድሬ ሙቀት መጨረሻው ይበላሻል። ትንሹን ግዙ፤ ወደ ሌላ ዕቃ ሳትገለብጡ ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት።

የታሸገው የሚገባው ለማን ነው? ቆሽቱ የምግብ መፍጫ ለማያመነጭ ውሻ፣ ለቡችላ፣ ሐኪም የደም ምርመራ አይቶ ላዘዘለት። ለሌላው ድስቱ ይበቃል።

ግመልን የምመርጠው ለዋጋው ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ውሻ ሆዱ የሚታወከው ለዓመታት ከበላው ሥጋ ጋር ስላልተስማማ ነው፤ ሐኪሞችም ቀምሶት የማያውቀውን ሥጋ ያዛሉ። ውጭ አገር ለዚህ ሲሉ የካንጋሮና የአጋዘን ሥጋ የገባበት ምግብ በውድ ይገዛሉ። በሬና ዶሮ ብቻ እየበላ ላደገ ውሻ ግመል ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ስቡም ሻኛው ላይ ስለሚከማች ቀዩ ሥጋ ከጮማ የጸዳ ነው። ውሻችሁ የግመል ትርፍራፊ እየለቀመ ያደገ ከሆነ ግን ፍየል ይሻለዋል። ግመል ወደ ማድ ቤቱ እንዲገባ የማይፈቀድበት ክርስቲያን ቤት ከሆነ ድስቱንና ቢላውን ለይቶ በረንዳ ላይ በከሰል መቀቀል ይቻላል፤ እኛ ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሥጋውን ሞራውን ገፋችሁ በደንብ ቀቅሉ፣ አረፋውንና የሚንሳፈፈውን ስብ አውጡ። ሩዙን ለሰው ከምታበስሉት በላይ አልሙት፣ ዱባውን ጨፍልቁበት። ጨው፣ በርበሬ፣ ዘይት አይግባ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በፍጹም፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። የቤታችን ወጥ ሁሉ ሽንኩርት ስለሆነ በወጥ የራሰ እንጀራ ከሚበላው ነገር መውጣቱ ብቻ ብዙ ሆድ ሲያረጋ አይቻለሁ። የተቀቀለ አጥንትም አትስጡ፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከላይ ካሰላሁት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ፣ በቀን 4 ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡ። ሥጋው የሚስማማው ከሆነ ለውጡ ብዙ ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይታያል። በዚህ ጊዜ ልጆች ከማዕድ የሚወረውሩለት ቁራሽ እንኳ መቆም አለበት፤ አለዚያ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ መለየት አይቻልም።

የድስቱ ጉድለት ካልሲየምና ቪታሚን ነው። ለ2 እና ለ3 ሳምንት ጎልማሳ ውሻን አይጎዳም። ከዚያ ካለፈ የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ፈጭታችሁ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፤ እሱም ቢሆን ዚንኩንና ቪታሚን ዲውን አይተካም። ስለዚህ ሰገራው ሲረጋ ፋብሪካ ያሸገውን መደበኛ ምግብ፣ ውዱን የሕክምናውን ሳይሆን፣ ቀስ እያላችሁ አስገቡ፦ 2 ወይም 3 ቀን ሩቡን፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን፣ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሙሉውን። መሃል ላይ ሰገራው ከላላ ወደ ቀደመው ደረጃ መልሱት። በአንድ ቀን መቀየር ራሱ ተቅማጥ ያመጣል።

ፋርማሲ ሄዶ ፍላጅል መስጠት በከተማችን የተለመደ ነው። ያለ ምርመራ አትስጡ፤ መልካሙን የአንጀት ባክቴሪያም ይገድላል፣ ቀላል ተቅማጥም በምግብ ብቻ ይሻላል። ደም ያለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ የደረቀ ድድ፣ ተቆንጥጦ ወደ ቦታው ቶሎ የማይመለስ ቆዳ ካያችሁ ግን ድስቱንም ከረጢቱንም ትታችሁ በዚያው ሰዓት ባጃጅ ጥሩና ሐኪም ጋ ሂዱ። ያልተከተበ ቡችላ ደም ከቀላቀለ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ በሀሩር ደግሞ የሰውነቱ ውኃ ቶሎ ያልቃል።

ለድመት ይህን ሁሉ አትገልብጡት። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፣ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገርም ከምግቧ ማግኘት አለባት፤ ሩዝ የበዛበት ድስት ለእሷ አይሆንም። ወተት ደግሞ ብዙ ጎልማሳ ድመቶችን ያስቀምጣል። አዲሱን ምግብ እምቢ ብላ ለ2 ወይም 3 ቀን ከጾመች ጉበቷ በስብ ሊሞላ ስለሚችል «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መጠበቅ አይገባም። እዚህ ላይ የታሸገው ያሸንፋል፤ የምትበላውም ትንሽ ነው፣ 4 ኪሎ ለምትመዝን በቀን 60 ግራም አይሞላም። ባለ 2 ኪሎው ከወር በላይ ይይዛታል፤ በቀን 200 ብር ገደማ ይመጣል። ከረጢቱ ላይ የድመት ሥዕል መኖሩን ብቻ ሳይሆን «ለጎልማሳ ድመት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አንብባችሁ ግዙ።