ስለ ጓሮ አትክልት በአማርኛ ጽፎ መከፈል፦ ሰብስታክ ያዋጣል ወይ?

ሜሪላንድ ከሚኖሩ ሁለት ጓደኞቼ ጋር ስለ ጓሮ አትክልት በአማርኛ የምንጽፍበት፣ አንባቢ ከፍሎ የሚያነበው ገጽ ከፍተናል። የከፈትነው ሰብስታክ ላይ ነው፤ ጽሑፍን በኢሜይል ለአንባቢ የሚልክና ክፍያ የሚሰበስብ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካሰባችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በጣም የወደድኩለት ለመጀመር ምንም አለመጠየቁን ነው። አንባቢ እስኪከፍል እናንተም አትከፍሉም። ሲከፍል ሰብስታክ 10 በመቶ ይወስዳል። ክፍያውን የሚያስተናግደው ስትራይፕ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ያነሳል። በየጊዜው ለሚታደስ ክፍያ ትንሽ ጭማሪም አለው።

ያቺን 30 ሳንቲም አትናቋት። በወር 5 ዶላር ካስከፈላችሁ ሁሉም ተቆራርጦ እጃችሁ የሚገባው 4 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት አንዴ 50 ዶላር ካስከፈላችሁ ግን ወደ 43 ዶላር ይደርሳችኋል፤ 30 ሳንቲሟ የምትቆረጠው አንዴ ብቻ ነዋ። ስለዚህ ዓመታዊውን አስቀድሙ እላለሁ። ለጓሮም የሚስማማው እሱ ነው። በወር የሚከፍል ሰው ብርዱ ሲገባ ሊሰርዝ ይችላል፤ ዘር የሚታዘዘውና መደብ የሚታቀደው ግን በዚያው በብርዱ ወራት ነው።

ዩቲዩብ በነፃ ሞልቶ ሰው ለምን ይከፍላል? የራሱን ቦታና የራሱን ተክል የሚያውቅ ጸሐፊ ስለማያገኝ ነው። ለሚኒያፖሊስ የተጻፈ ምክር ዳላስ ላይ አይሠራም። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ጤና አዳም አብዛኛውን ጊዜ ብርዱን ችሎ ይከርማል፤ ይበልጥ የሚጎዳው ውሃ የሚቋጥር ሸክላማ አፈር ነው። ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉት። ስትቆርጡትም ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ እስከመቋጠር ያደርሳል። በሶብላ ደግሞ የአንድ ሌሊት ውርጭ አይችልም፣ ጠዋት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። እስከ ሜይ መጀመሪያ መስኮት ሥር አቆዩት። ኮሰረትን በፖት ያዙት፣ በመጸው ውርጭ ሳይመጣ ወደ ቤት አስገቡት። እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ፣ በወቅቱ ኢሜይሉ ውስጥ የሚያገኝ ሰው ደስ ብሎት ይከፍላል። እኛ ጋ አጠቃላይ መግቢያው በነፃ ነው፤ የሚከፈልበት የየወሩ የሥራ ዝርዝር ነው።

ሦስት ሆናችሁ ስትጽፉ አንድ ነገር አስቡበት። ገንዘቡ የሚገባው ወደ አንድ የስትራይፕ ሒሳብ ነው። ማካፈሉ የናንተ ሥራ ነው። ማን ስንት እንደሚያገኝ፣ ጽሑፉን ያላደረሰ ምን እንደሚሆን፣ ግብሩን ማን እንደሚይዝ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት አስፍሩት። ጓደኛ ነን ብላችሁ አትለፉት። እኔ እዚህ ላይ በጣም ጥብቅ ነኝ።

አዲስ አበባ ላለ ጸሐፊ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ ክፍያውን እዚያ ሆኖ በቀጥታ መቀበል አይችልም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስለ ጌሾና ስለ አበሻ ጎመን ከኛ የተሻለ የሚያውቁት እዚያ ናቸውና። ውጭ ካለ ሰው ጋር አብሮ መሥራት ይቻላል፤ ያኔ የወረቀቱ ስምምነት የበለጠ ያስፈልጋል።

ሌላው አማራጭ ጎስት የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት ነው። ከገቢያችሁ መቶኛ አይቆርጥም፤ ገጻችሁ እነሱ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ግን አንባቢ ኖረም አልኖረም ቋሚ ክፍያ አለው። ለጀማሪ ሰብስታክን እመርጣለሁ። ከፋዩ በዝቶ 10 በመቶው ከጎስት ቋሚ ክፍያ ሲበልጥ ግን መልቀቅ ነው። የኢሜይል ዝርዝሩ የጸሐፊው ስለሆነ አውርዳችሁ ትወስዱታላችሁ፤ የስትራይፕ ሒሳቡም በናንተ ስም ስለሆነ በስትራይፕ በኩል የሚከፍል አንባቢ ካርዱን እንደገና ማስገባት አይጠበቅበትም።