ሜክሲኮ አካባቢ ያለው የቅዳሜ ጉራጊኛ ትምህርት፦ ልጆቻችሁን ላኩ፣ ግን መጀመሪያ ጠይቁ

ልጆቻችሁ ጉራጊኛ እንዲችሉ የምትፈልጉ ወላጆች፣ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጠውን ትምህርት ሞክሩት። ልጄ ድሮ አያቷ ሲደውሉ ስልኩን ለእኔ አቀብላ ትሮጥ ነበር። አሁን ራሷ ታወራለች። እየተንተባተበች ነው፣ ግን ታወራለች።

የመጀመሪያው ሰዓት ፊደል ነው። መምህሩ ለጉራጊኛ የተጨመሩትን ፊደላት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ልጆቹ ተከትለው ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ይሰለቻሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ዴስክ ላይ ከርመው ቅዳሜም ዴስክ ይከብዳል። ሁለተኛው ሰዓት ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት ከአገር ቤት የመጣ ቃጫና በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹ ቃጫውን ጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለምን እንደሚቀበር ይጠይቃሉ። በአማርኛ ከጠየቁ እማማ አይመልሱም። ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ፣ ልጁ ቃሉን ከጓደኛው ለምኖ እስኪመጣ ይጠብቁታል። እንደዚህ ዓይነት ትዕግሥት ሌላ ክፍል ውስጥ አላየሁም።

ካናዳ ውስጥ ዴኔ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ቋንቋን ለልጆች የማስተማሩን ነገር በደንብ ሠርተውበታል። ልጆቻቸው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይወሰዱ፣ በቋንቋቸው ሲናገሩም ይቀጡ ስለነበር ብዙ ቤት ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ መግባባት አቅቷቸው ነበር። በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዴኔ ከዴ» የተባለው ሥርዓተ ትምህርታቸው የሚያተኩረው ልጁ ከመሬቱ፣ ከመንፈሳዊው ዓለም፣ ከሌላው ሰውና ከራሱ ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። ስለዚህ ከክፍል ይወጣሉ። ከሽማግሌዎች ጋር ዱር ይሰፍራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ቆዳ ያለፋሉ፣ ቋንቋውም በሥራው መሃል ይገባቸዋል። የእኛም ሁለተኛ ሰዓት ወደዚህ ይጠጋል። ፊደሉ አጥሮ እሱ ቢረዝም ደስ ይለኛል። ለመስቀል ደግሞ ልጆቹን አገር ቤት ወስደው ጀፎረው ላይ፣ ማለትም በመንደሩ መሃል ባለው ሰፊ ሣራማ መንገድ ላይ፣ ቢያሯሯጧቸው፣ ከስንት ወር ሰሌዳ ይበልጣል!

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ምዝገባ ላይ «ጉራጊኛ» ብቻ ነው የሚሉት፣ የሚሰጠው ግን ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቸሃ ነው። ከሶዶ የሆነ ቤተሰብ ልጅ ቤቱ የሚሰማው ክስታኔኛ የተባለው ሌላው የጉራጌ ቋንቋ ስለሆነ ግራ ገብቶት ቀረ። በጣም አዘንኩ። በዚያው በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች በሕግ ከታወቁት 11 ቋንቋዎች አምስቱ የዴኔ ናቸው፣ እያንዳንዱም በየስሙ ተቆጥሯል። እኛም የቱ እንደሚሰጥ ከመጀመሪያው መንገር አያቅተንም። ስለዚህ ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ክፍያው አይጎዳም። መኪና ማቆሚያ የለም፣ ከባቡር ጣቢያው ግን በእግር ቅርብ ነው። አያቶች ካሉም ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ወንበር አይጠፋም፣ እማማም እገዛ ይፈልጋሉ።