በወጣት የቤዝቦል ተጫዋች ካርድ ላይ ቀብድ ለምትከፍሉ ወገኖች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ለልጆቻችሁ የቤዝቦል ካርድ የምትገዙ፣ ወይም ካርዱን እንደ ቁጠባ ቆጥራችሁ ገንዘባችሁን ልታስቀምጡበት የምታስቡ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ጽሑፍ ሳትሰለቹ እንድታነቡት እጠይቃለሁ። ሰሞኑን በእኛው ሰዎች መካከል አንድ የሽያጭ ሐሳብ እየተዘዋወረ ነው። ነጋዴው በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ገና የመጀመሪያ ወራቱን የሚጫወት የአንድ ወጣት ሦስተኛ ቤዝ (የሜዳ ቦታ ስም ነው) ተጫዋች ፊርማ ያረፈበትን ካርድ ያቀርባል፤ ቀብድ ይቀበላል፤ ቀሪው በየወሩ እንዲከፈለው ይስማማል፤ ክፍያው እስኪጠናቀቅ ካርዱን በራሱ ዘንድ ያቆያል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋው ካልጨመረ መልሶ እንደሚገዛም በአፉ ቃል ይገባል። በጽሑፍ የሚሰጠው ግን አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ሲሆን፣ ወረቀቱ ለእኔም ደርሶኝ ተመልክቼዋለሁ። በአንድ በኩል የወጣቱ ውጤቶች፣ በሌላ በኩል የታወቁት የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቾች የማይክ ሽሚት፣ የኤድሪያን ቤልትሬና የማኒ ማቻዶ ውጤቶች ተደርድረዋል። ከግርጌውም የወጣቱ ካርድ ከእነዚህ ሰዎች ካርድ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ገና ርካሽ መሆኑን የሚገልጽ መደምደሚያ ሰፍሯል።

የወጣቱን ስም የማልጠቅሰው እርሱ በዚህ ንግድ ውስጥ ምንም ጥፋት ስለሌለበት ነው። ጎበዝ ተጫዋች ሊሆን ይችላል፤ እኔም ቢሳካለት ደስ ይለኛል። የምቃወመው ወረቀቱን ነው። በላዩ ያሉት ውጤቶች ትክክለኛ ናቸው፤ ሆኖም የጥቂት ሳምንታት ውጤት 18 የውድድር ዘመን ከተጫወተ ሰው ውጤት ጎን ተቀምጦ አንድ ዓይነት ሚዛን ላይ የወጣ እንዲመስል ተደርጓል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ወረቀቱ ያልያዛቸው ስሞች ጉዳይ ነው። ማቻዶ በ2012 በ20 ዓመቱ ለባልቲሞር ተሰልፎ፣ በ2019 ከሳንዲያጎ ጋር የ10 ዓመት የ300 ሚሊዮን ዶላር ውል መፈረሙ እውነት ነው። እንደ ማቻዶ ጀምረው እንደ ማቻዶ ያልሆኑትን ግን ሻጩ አይጽፋቸውም፤ ስለዚህ እኔ ልጽፋቸው ተገደድሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ ካርድ የሚሰበስቡ ሰዎች በሙሉ የሚያውቁትን አንድ ካርድ እንመልከት። ቶፕስ የተባለው ካርድ አሳታሚ በ1973 አዳዲስ ሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቾችን ለማስተዋወቅ በአንድ ካርድ ላይ የሦስት ወጣቶችን ፎቶግራፍ አውጥቶ ነበር። ወጣቶቹ ሮን ሴይ፣ ጆን ሂልተንና ማይክ ሽሚት ናቸው። ሥራዬ ብሎ ተጫዋች የሚከታተል ድርጅት እንኳ በዚያን ጊዜ ሦስቱን በእኩል መጠን፣ በአንድ ረድፍ ነው ያስቀመጣቸው። ሽሚት 548 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጪ የሚያሳልፍ ምት) መትቶ፣ ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ፣ በ1995 ኩፐርስታውን ወደሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ሴይ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጥሩ ዘመን አሳልፎ፣ 316 ሆም ራን አስመዝግቦ፣ ስድስት ጊዜ ለኦል ስታር (ለምርጦች ጨዋታ) ተመርጦ፣ ወደ አዳራሹ ግን ሳይገባ ቀረ። ሂልተን በሳንዲያጎ ፓድሬስ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከሜጀር ሊግ ወጣና ኋላ ወደ ጃፓን ሄዶ ተጫወተ። ዛሬ ያ ካርድ ውድ የሆነው በሽሚት ምክንያት ብቻ ነው። በ1973 ሦስቱ በየራሳቸው ካርድ ላይ ወጥተው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ አባት ለልጁ ትክክለኛውን የመምረጥ ዕድሉ ምን ያህል እንደነበር እያንዳንዳችሁ ገምቱ።

ግምቱን ይበልጥ ከባድ የሚያደርገው ደግሞ ሽሚት በዚያው በ1973 ያሳየው ውጤት ነው። በ132 ጨዋታ የመምታት አማካዩ (ለመምታት ከተሰለፈበት ጊዜ የተሳካለት ድርሻ) 0.196 ብቻ ነበር፤ 136 ጊዜም በሦስት ስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን መምታት አቅቶት፣ ወጥቷል። የእኛ ሻጭ በዚያ ዓመት ቢኖርና ይህንኑ ወረቀት ቢያዘጋጅ ኖሮ፣ የሽሚትን ስም ከወጣቶቹ ዝርዝር ሰርዞ ሌላ ሰው ያስገባ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሽሚት በ36 ሆም ራን የናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች የአንዱ) አንደኛ ሆነ።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ኪብራያን ሄይስ በ2020 ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ሲሰለፍ በ24 ጨዋታ የመምታት አማካዩ 0.376 ሆነ፤ አምስት ሆም ራንም መታ። አባቱ ቻርሊ ሄይስም ሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች ስለነበሩና በ1996 የዎርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) የመጨረሻውን ኳስ ለያንኪስ የያዙት እርሳቸው ስለሆኑ፣ የቤተሰቡ ታሪክ ለሻጮች ተጨማሪ ማጣፈጫ ሆነላቸው። ሕጋዊው የሩኪ (የጀማሪ ተጫዋች) ምልክት ያለበት ካርዱ የወጣው በ2021 ነው፤ ሰዉም በጉጉት ሲጠብቀው ነበር። በ2021 የመክፈቻ ጨዋታ ሆም ራን መታ፤ ወዲያው በሁለተኛው ጨዋታ የእጅ አንጓው ተጎዳ፤ ዓመቱን በስድስት ሆም ራን ጨረሰ። በ2022 ሰባት፣ በ2024 አራት ሆም ራን አስመዘገበ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሄይስ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም። በመከላከል በኩል ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ሲሆን በ2023 ለመከላከል የሚሰጠውን የጎልድ ግላቭ (ወርቃማ ጓንት) ሽልማት ወስዷል፤ ክለቡም አስቀድሞ በ2022 የስምንት ዓመት የ70 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶታል። ክለብ ለጥሩ መከላከል ደመወዝ ይከፍላል፤ የካርድ ገበያ ግን ለሆም ራን እንጂ ለጓንት ገንዘብ አያወጣም። አንድ ሻጭ የልጁን መከላከል እያወደሰ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ይህን ልዩነት አስታውሱ።

በ24 ጨዋታ መፍረድ ስህተት ነው፣ ሙሉ ዓመት ቢሆን ግን ይታመናል የሚል ካለ፣ ሚጌል አንዱሃርን ይመልከት። በ2018 ለያንኪስ በሙሉ የውድድር ዘመን 27 ሆም ራንና 47 ደብል (እስከ ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት) መትቶ፣ በመምታት አማካይ 0.297 አስመዝግቦ፣ በአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ ሩኪ ምርጫ ከሾሄይ ኦታኒ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በ2019 ትከሻው ተጎድቶ 12 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ በኋላም ወደ ውጪው ሜዳ ተዛወረ። ወደ ሜጀር ሊግ ሳይደርሱ በሚታይ ውጤት ለሚታለሉ ደግሞ ብራንደን ውድ አለ። በ2005 በኤንጅልስ የማይነር ሊግ (ከሜጀር ሊግ በታች ያለው ሊግ) ቡድን 43 ሆም ራን መታ፤ ያን ያደረገው ኳስ በቀላሉ በሚርቅባቸው የካሊፎርኒያ ሊግ ሜዳዎች መሆኑን ግን ብዙ ሰው አላገናዘበም። በሜጀር ሊግ በ272 ጨዋታ ያስመዘገበው አማካይ 0.186፣ ሆም ራኑም 18 ነው።

እነዚህ ያልተሳካላቸው ናቸው ትሉ ይሆናል። ከእነርሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ የተሳካላቸው ሰዎች ታሪክ ነው። ክሪስ ብራያንት በ2015 የናሽናል ሊግ ምርጥ ሩኪ፣ በ2016 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ፣ በዚያው ዓመት ከ1908 ወዲህ ዋንጫ ያላየውን ቺካጎ ከብስን ለድል አብቅቷል። በሃያ አራት ዓመቱ ከዚህ የበለጠ ምን ሊጠየቅ ይችላል? በ2022 ከኮሎራዶ ሮኪስ ጋር የሰባት ዓመት የ182 ሚሊዮን ዶላር ውል ከፈረመ በኋላ ግን ጉዳት ተደራርቦበት እስከ 2025 ድረስ ከ80 ጨዋታ በላይ የተሰለፈበት አንድም ዓመት የለም። እዚሁ በከተማችን ደግሞ ራያን ዚመርማን አለ። ዋሽንግተን ናሽናልስ በ2005 በአራተኛ ተራ የመረጡት፣ ቀድሞ በሦስተኛ ቤዝ የጎልድ ግላቭ ያገኘ፣ በትከሻው ሕመም ምክንያት ወደ አንደኛ ቤዝ የተዛወረ፣ 284 ሆም ራን መትቶ በ2019 ዋንጫ ያነሣ፣ በከተማው እጅግ የተወደደ ሰው ነው። እንዲህ ያለ የተከበረ ዘመን ያሳለፈ ሰው እንኳ የሽሚትን ዋጋ አላመጣም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ የሚመለሰው ወጣቱ ከዚመርማንም ከሴይም አልፎ ከሽሚት ተርታ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ፣ ገዢው ጥሩ ተጫዋች መርጦም ይከስራል ማለት ነው።

ሻጩ ቤልትሬን በምሳሌነት መጥቀሱ ደግሞ ከራሱ ውል ጋር የሚጋጭ ነው። ቤልትሬ በ1998 በ19 ዓመቱ ጀመረ፤ በ2004 48 ሆም ራን መታ፤ ወዲያው ወደ ሲያትል ሄዶ በ2005 ወደ 19 ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦል ስታር የተመረጠው በ2010፣ ከጀመረ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ወደ ዝነኞች አዳራሽ ያስገቡት 3,166 ምቶችና 477 ሆም ራኖች ትልቅ ክፍላቸው የተሰበሰበው ብዙዎቹ ተጫዋቾች በሚዳከሙበት ዕድሜ ነበር። የባልቲሞሩ ብሩክስ ሮቢንሰንም 16 ተከታታይ የጎልድ ግላቭ ሽልማት ከመሰብሰባቸው በፊት፣ በ1958 በ145 ጨዋታ ሦስት ሆም ራን ብቻ መትተው በ1959 ወደ ማይነር ሊግ ተመልሰው ነበር። ሁለት ዓመት ጠብቁ የሚለን ሰው በምሳሌነት የሚያቀርብልን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስጠበቀ ተጫዋች ከሆነ፣ ወይ ታሪኩን አያውቀውም፣ ወይም እኛ አናውቀውም ብሎ ገምቷል።

ስለ ካርዱም ጥቂት ልበል። የ1973ቱ ካርድ የሚፈለገው በደህና ሁኔታ የቆየው ጥቂት ስለሆነ ጭምር ነው፤ ልጆች ይጫወቱበት፣ እናቶችም ቤት ሲያጸዱ ይጥሉት ነበር። የዛሬ ወጣት ካርድ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በብዙ ዓይነት ቀለምና ጠርዝ ይታተማል፤ ከፓኬቱ እንደወጣም በፕላስቲክ ይታሸጋል። ቦውማን በሚባለው እትም ገና በማይነር ሊግ ሳለ ይወጣለታል፤ ሜጀር ሊግ ሲገባ የሩኪ ምልክት ያለበት ሌላ ይወጣለታል። ከጥጉ «ከ499 አንዱ» የሚል ቁጥር ያለበት ካርድ ብርቅ ይመስላል፤ ያው ፎቶግራፍ ግን በሌሎች ቀለሞች ስንት ጊዜ እንደታተመ መቁጠር ያስፈልጋል። ፒኤስኤ የተባለው ካርድ መርማሪ ድርጅት ለካርዶች እንደ ሁኔታቸው ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣል፤ 10 ያገኘ ካርድ ውድ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ አዳዲስ ካርዶች በብዛት 10 ስለሚያገኙ በዚያው ደረጃ ስንት ካርድ እንዳለ በራሱ በፒኤስኤ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። በማሸጊያው ላይ ያለውን የማረጋገጫ ቁጥርም እዚያው አስገብታችሁ ከካርዱ ጋር አመሳክሩ። ዋጋውንም ሻጮች ከሚጠይቁት ሳይሆን ኢቤይ ላይ በእርግጥ ከተሸጠበት ተነሡ፤ ከዚያም ላይ ስትሸጡ ከመቶ ከ10 በላይ የሚሆነው ለኮሚሽን እንደሚሄድ አስቡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ይህን ሽያጭ አደገኛ የሚያደርገው የውሉ አሠራር ነው። ካርዱ በሻጩ ዘንድ፣ ገንዘቡም በሻጩ ኪስ ሆኖ፣ ለገዢው የሚቀረው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያው አንድ ካርድ ለሦስት ሰው በቀብድ ቢሸጥ ማን ያውቃል? የማረጋገጫ ቁጥሩ በደረሰኝ ላይ ካልሰፈረ ሦስቱም ገዢዎች የተለያየ ካርድ የገዙ ይመስላቸዋል። መልሶ የመግዛት ቃሉም ዋጋውን ማን እንደሚተምን፣ በየትኛው ቀን እንደሚፈጸም፣ ሻጩ ባይችል ምን እንደሚሆን አይናገርም። በጽሑፍ ይሁንልኝ ብለው የጠየቁ ሰዎች «በወገን መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የሚል መልስ እንዳገኙ ነግረውኛል። በዕቁብ እንኳ ጸሐፊና ዋስ እንይዛለን እኮ!

ክፍያውን በዜል (ከባንክ ሒሳብ ወደ ሒሳብ ገንዘብ መላኪያ) ብቻ መጠየቁንም ልብ በሉ። ባለ ሒሳቡ ራሱ ፈቅዶ በዜል የላከው ገንዘብ ከተቀባዩ እጅ ከገባ በኋላ ለማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። መግዛት ግድ ከሆነባችሁ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ ካርዱንም በዚያው ሰዓት ተረከቡ፤ በደረሰኙ ላይ የካርዱ ዓመት፣ እትም፣ ተከታታይ ቁጥርና የማረጋገጫ ቁጥር ይጻፍ።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ቀጣዩን ወርሃዊ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የካርዱን የማረጋገጫ ቁጥርና የውሉን ቃል በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁም በስልክ ሳይሆን በመልእክት ይሁን፣ መልሱንም አስቀምጡት። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ዕቃው ካልተሰጣችሁ፣ ክፍያው የሰፈረበት የመጀመሪያ ሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው ባንክ በጽሑፍ ማመልከት ይኖርባችኋል። ሜሪላንድ ያላችሁ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሥር ላለው የሸማቾች ጥበቃ ክፍል፣ ቨርጂኒያ ያላችሁም ለግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ያንን አንድ ገጽ ወረቀትም አትጣሉት፤ ሻጩ ምን ብሎ እንደሸጠላችሁ የሚያሳይ በእጃችሁ ያለው ብቸኛው ማስረጃ እርሱ ነው።