ባሌስትራ ማስጨመር፦ ለጣርማበር መንገድ የሚያዋጣውና የማያዋጣው

ከደብረ ብርሃን ገብስና ባቄላ ጭኖ በጣርማበር በኩል ሸዋ ሮቢት የሚወርድ፣ ሲመለስ ማሾና ሽንኩርት ይዞ ዳገቱን የሚወጣ አይሱዙ ኋላው ከረገጠ፣ ማለትም ወደ ታች ከሰመጠ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ባሌስትራ ማስጨመርን ነው። ባሌስትራ አክስሉ ላይ ተደራርበው ሸክሙን የሚይዙ ጎባጣ ብረቶች ነው፤ አንዱ ብረት ፍሬ ይባላል። አገልግሎቱ በአግባቡ ሲሠራ ጥሩ ነው። የሚሸጥበት ቃል ግን ልክ አይደለም፤ «አንድ ፍሬ ጨምር፣ አሥር ኩንታል ተጨማሪ ትጭናለህ» ይባላል። ባሌስትራ መኪናው እንዳይረግጥና እንዳያጋድል ይረዳል እንጂ አክስሉን፣ ኩሽኔታውን፣ ሻንሲውን (የመኪናውን አጽም)፣ ፍሬኑንና ጎማውን አያጠነክርም። የመጫን አቅም የሚለካው ከእነዚህ በደካማው ነው።

ጎማውን እንይ። 7.50-16 ጎማ ጎኑ ላይ 122/118 ከተጻፈበት፣ በነጠላ ሲገጠም 1500 ኪሎ፣ በጥንድ ሲገጠም እያንዳንዱ 1320 ኪሎ ይችላል። የኋላ አራቱ አንድ ላይ 5280 ኪሎ ናቸው፤ እሱም ንፋሱ ሙሉ ሲሆን ነው፣ የመኪናው የራሱ የኋላ ክብደትም በውስጡ ይታሰባል። ሦስት ፍሬ ባሌስትራ ቢጨመር ይህ ቁጥር አይነቃነቅም።

ፍሬኑ ደግሞ የባሰ ነው። ከጣርማበር ዋሻ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት እስኪደረስ ቁልቁለቱ ከ1500 ሜትር በላይ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ከ8 ቶን ወደ 10 ቶን ያደገ መኪና ያንኑ ቁልቁለት ሲወርድ ማቀዝቀዝ ያለበት ሙቀት በ25 በመቶ ይጨምራል፤ የፍሬኑ ታምቡርና ሸራ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገርም አለ። አንዳንድ መኪና ላይ የኋላ ፍሬንን ግፊት የሚወስን፣ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው ሻንሲው ወደ አክስሉ በቀረበው ልክ ነው። ባሌስትራው ሲጠነክር ሻንሲው ከፍ እንዳለ ስለሚቀር መኪናው ባዶ ይመስለዋል፤ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ባሌስትራ ጨምሮ ይህን ቫልቭ ሳያስተካክል መኪና የሚያስረክብ ጋራዥ ሥራውን አልጨረሰም።

ምን ይጨመር ለሚለው፣ ጥንካሬ በፍሬ ብዛት ቀስ እያለ ያድጋል፤ በውፍረት ግን ይዘላል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ሆኖ ባለ 10 ሚሊ ብረት በባለ 12 ሚሊ ቢተካ ያ ፍሬ 1.7 እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ስለዚህ ከሌላ መኪና የተነቀለ ወፍራም ብረት መሀል መክተት ሸክሙን ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ነው፤ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ይሆናል። የረገጠውን በከሰል አቅልቶ ቀጥቅጦ ማጉበጥም አይመከርም። በአግባቡ ካልጠነከረና መልሶ ካልለዘበ ወይ ቶሎ ይረግጣል፣ ወይ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ባሌስትራ ላይ ብየዳማ ፈጽሞ አይነካ።

ለዚህ መስመር የተሻለው ረዳት ባሌስትራ ነው። ከላይ ተቀምጦ መኪናው ሲጫን ብቻ ይነካል፤ ባዶ ሲሄድ ዋናው እንደ ልቡ ይተጣጠፋል። ሁሌም የሚሠራ ጠንካራ ባሌስትራ ባዶውን መኪና ያዘልለዋል፣ በጣርማበር ዝናብና ጉም ደግሞ የሚዘል ጎማ መንገድ አይይዝም። ቲማቲም ወይም እንቁላል ለሚጭን ጉዳቱ በግልጽ ይታያል።

ከማሠራትዎ በፊት ሜዳ ላይ ባዶውንም የተጫነውንም ከአክስሉ ጫፍ እስከ ሻንሲው ግራና ቀኙን ይለኩ። አንዱ ጎን ብቻ ከረገጠ የተሰበረ ፍሬ ወይም ያለቀ ቡሽ ይፈለግ፤ መጨመር መፍትሔው አይደለም። ሲሠራ ሁለቱም ጎን እኩል ይጨመር። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት አዲስና ለአዲሱ ውፍረት የሚበቃ ይሁን፤ ጥርሱ ከዳዶው አልፎ መታየት አለበት። አራቱ ዳዶዎች በመስቀለኛ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በፋብሪካው ልክ ይጠበቁ። ሻንሲውን ከላይም ከታችም ጠርዙ ላይ አያስበሱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ከጭነት ጋር እንደገና ይጠበቅ፤ አዲሶቹ ብረቶች ሲተኙ ዩ ቦልቱ ይላላል። ከላላ ፍሬዎቹን መሀል ላይ የሚያያይዘው ቡሎን ብቻውን ሸክሙን ይይዝና ይቆረጣል፣ አክስሉም ከቦታው ይሸሻል። መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ወደ ጎን ከሄደ ወይም አንዱ የኋላ ጎማ ወደ ፊት የቀረበ ከመሰለ ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ያቁሙት።