የኔታን አመስግኜ ደቀ መዝሙራቸውን ልጠቁማችሁ

የመጽሐፍ መምህራችንና የንስሐ አባቴ የኔታ ካረፉ አርባቸው ባለፈው ሐሙስ ወጣ። ስማቸውን አልጽፍም። ሲመሰገኑ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን የሚሸፍኑ ሰው ነበሩና አሁንም የሚቆጡኝ ይመስለኛል። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ማንን እንደምል ታውቃላችሁ።

ቅኔውን እዚሁ ጎጃም ዋሸራ፣ ከአራቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያት ብሉይና ሐዲሱን ደግሞ ዓባይን ተሻግረው ጎንደር ነው የተማሩት። በቆሎ ተማሪነታቸው ውሻ የነከሳቸውን ባታቸውን እያሳዩ «ዲፕሎማዬ ይች ናት» ይሉን ነበር።

እሁድ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ከወይራው ሥር ወንጌል በአንድምታ ያስተምሩን ነበር። የግእዙን ንባብ ያሰማሉ፣ በአማርኛ ይፈቱታል፣ ከዚያ «አንድም» ይመጣል፤ ከአንዱ «አንድም» ሌላው እየተከተለ ሲወርድ ሕፃናቱ «አባ አንድም» ቢሏቸው አይፈረድም። እውነቱን ለመናገር ያስረዝሙታል። ሱቅ ውዬ መጥቼ ያንቀላፋሁበት ቀን ብዙ ነው። ስልክ ከጮኸ ግን ሁላችንም እንነቃለን፣ ቁጣቸው አይጣል!

አንድ እሁድ ማቴዎስ 13 ላይ ደረስን። «ናሁ ወፅአ ዘራዒ ይዝራዕ» ብለው አነበቡ፣ ፈቱት፣ መንገድ ዳር የወደቀውን ዘር መተርጎም ሲጀምሩ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ አንድ ባላገር ከኋላ ተነሳ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዘሪው እኮ ሞኝ ሆኖ አይደለም። እርሻውን ሰው መሃል ለመሃል አቋርጦት ያልፋል፣ ተረግጦ ይደድራል። እጅ ሲበትን እዚያም ያርፋል። ደግመህ ካላረስኸው አይዝም።»

የኔታ ዝም አሉ። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ይኸን የነገረኝ መምህር የለም» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ያን ምዕራፍ ባስተማሩ ቁጥር ከሊቃውንቱ ትርጓሜ ቀጥለው «አንድም፣ የእኛ ባላገር እንዳለው» ይሉ ነበር።

እናቴ 7 ወር አልጋ ላይ ስትውል ረቡዕ ረቡዕ በእግራቸው ይመጡላት ነበር። ጸሎት አድርሰው ወዲያው አይነሱም፣ የልጅነቷን ያስወሯታል። ቡና ሳቀርብ «አንች ልጅ፣ ጾም አይደል እንዴ? 9 ሰዓት መቼ ሞላ?» ይሉኛል። ብር ላስጨብጣቸው ስል እጃቸውን ይሰበስቡና «ለተማሪዎቼ እንጀራ ጋግሪላቸው» ይላሉ። ጋገርሁ፤ በ7 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ።

ሲያርፉ ጉባኤው ይታጠፋል ብለን ፈርተን ነበር፤ አልታጠፈም። 8 ዓመት ከእግራቸው ሥር የተቀመጡት ዲያቆን ወንበሩን ይዘዋል። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ሰው ሲበዛም ትንሽ ይደነግጣሉ። ግን ያልገባቸውን ሲጠየቁ «ይኸን አላውቀውም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» ይላሉ፣ ጠይቀውም ይመጣሉ። እኔ ለልጆቼ የምፈልገው እንዲህ ያለ መምህር ነው። ባለፈው እሁድ ማቴዎስ 13ን ሲያስተምሩ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ባላገሩ በቦታው አለ።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ሰዓቱም ቦታውም ያው ነው፣ ክፍያ የለውም። ባዶ እጃችሁን ላለመምጣት ከፈለጋችሁ ለቆሎ ተማሪዎቹ ሽሮ ወይም በርበሬ ያዙ። ከሁሉ በላይ የቸገራቸው ግን የልብስ ሳሙና ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እጋግራለሁ።